ፀሐይን በየተራ ስንጠብቅ

ሰዎች ስለ ሥራ ልምዳቸው ሲያወሩ እኔ አንድ የማልናገረው ሙያ አለኝ። ሥራ ስፈልግ በምሞላው ቅጽ ላይም ጽፌው አላውቅም፤ ብጽፈው የምታስተናግደኝ ሴትዮ ወደ መጋዘን መምራቷን ትታ ወደ ሐኪም ትመራኛለች ብዬ ፈርቼ ነው። የፀሐይ ዘበኛ ነበርኩ። ፍራንክፈርት ከተማ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተራ ገብቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ጠብቄአለሁ። ፀሐይ ምድር ቤት ምን ታደርጋለች የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ብያለሁ፤ ስለዚህ አልቀየማችሁም።

ነገሩ የሚጀምረው ከእህቴ ልጅ ከራሄል ነው። ራሄል አዲስ አበባ ፊዚክስ ተምራ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደዚህ ስትመጣ፣ ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ብቻዬን የምኖርባት ሁለት ክፍል ቤቴ አረፈች። እህቴ በስልክ «አደራ» አለችኝ። አደራ በስልክ ሲባል ይቀላል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ እንዲያውም ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ ትንሽ እደራደር ነበር። ያን ጊዜ ምስል የሚያሳይ ስልክ በየሰው እጅ አልገባም ነበርና ነው እንጂ፣ እህቴ ፊቴን ብታየው ልጅቷን ለሌላ ሰው ትሰጣት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየክርስትናው በየሠርጉ «ልጅቷ ምንድነው የምታጠናው?» እባላለሁ። «ፀሐይ» እላለሁ። «ጣሪያ ላይ የሚደረገውን?» «የለም፣ ራሷን ፀሐይን።» ሰዎቹ ወሬውን ይለውጣሉ። በልባቸው «ላም አለኝ በሰማይ» የሚሉ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ብያለሁ።

አንድ ቅዳሜ ግን ምድጃው ላይ ሽሮ ሲንተከተክ ክንዴን ይዛ አስጎነበሰችኝ። «ጋሼ፣ እየው፤ የፀሐይ ፊት እንዲህ ነው» አለች። ትኩሱ ከሥር ይወጣል፤ ላይ ደርሶ ሲቀዘቅዝ በየአረፋው ዳር ተመልሶ ይሰምጣል። ፀሐይ ላይ ደግሞ ዓይን የማያየው የማግኔት መስክ አለ። ፍላቱ እየገፋ እየገፋ ያንን መስክ በየአረፋው ድንበር ያጠራቅመዋል። አንድ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ሲጠራቀም ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መስኩ ራሱ ፍላቱን ይዞ ያቆመዋል። እዚያ ቦታ ከሥር በቂ ሙቀት አይመጣም፤ ቀዝቀዝ ይላል፤ ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ነጥብ ይመስላል። «ፀሐይ ላይ ሄዶ መሞከር አይቻልም። ስለዚህ ሕጉን ለኮምፒውተር እነግረዋለሁ፤ እሱ ቁራሽ ፀሐይ በቁጥር ይሠራልኛል» አለች። ቁራሽ የምትላት ሁለት ሦስት አፍሪካ ጎን ለጎን የሚነጠፍባት ናት። ጥያቄዋም ይኼ ነበር፤ የተበታተነው መስክ ማንም ሳይሰበስበው በራሱ ተሰባስቦ ጥቁር ነጥብ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

«ባይሠራስ?» አልኳት።

«ባይሠራም መልስ ነው። ስሌቱ መሐል ላይ ከቆመ ግን ምንም የለኝም።»

በዚህ መሐል ሽሮው አረረ። እኔ ግን ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ የማልቻል ሰው ሆንኩ። መጋዘን ውስጥ አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ አስተማርኩ። አንድ ቱርክ ባልደረባዬ ምሳውን ይዞ ሌላ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የጀመረው ያን ሰሞን ነው።

ስሌቱን የሚሸከመው ትልቅ ኮምፒውተር ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ የአገሩ ተመራማሪ ሁሉ ይሻማበታል። በእሱ የመሥሪያ ሰዓት የሚታደለው በማመልከቻ ነው። ራሄል ማመልከቻዋን ሞልታ፣ ፕሮፌሰሯ ፈርመውበት፣ ልታስገባ ስትል ሌላ ከተማ ለአንድ ሳምንት ሴሚናር መሄድ ግድ ሆነባት። ፖስታውን በእጄ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ የማስገቢያው ፍሪስት ማክሰኞ እኩለ ቀን ነው። ከዚያ ካለፈ አይቀበሉም። ኢንስቲትዩቱ ሄደህ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ብቻ አስቀምጥልኝ።»

«ይኼም ሥራ ሆኖ!» አልኳት።

ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሱፌን ለብሼ፣ ፖስታውን አጥፌ የደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ፖስታ ለማድረስ ሱፍ ምን ያደርጋል አትበሉኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ኡ-ባን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ ላይ ጋሽ መኮንንን አገኘኋቸው። ጋሽ መኮንን ሠላሳ ዓመት ትራም ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጥቁር ክራባት አድርገዋል።

«የአስፋው አባት አገር ቤት አርፈዋል፤ አልሰማህም?» አሉኝ።

አስፋውን በደንብ አላውቀውም። የኔ አባት የሞቱ ጊዜ ግን መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ ማየቴ ትዝ አለኝ። ቤቱም ሁለት ጣቢያ ብቻ ነው። ፊቴን አሳይቼ በሩብ ሰዓት እወጣለሁ ብዬ አሰላሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የፀሐይን ፍላት የምታሰላ ልጅ በቤቱ ያለችው ሰው፣ ለቅሶ በሩብ ሰዓት ያልቃል ብሎ አሰላ።

አስፋው በር ላይ አቅፎኝ አለቀሰ። በደንብ አለቀሰ፤ ደረቴ ላይ ተለጥፎ፣ ፖስታው ባለበት በኩል። ከዚያ ከበሩ በጣም ርቆ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ መሐል አስቀመጡኝ። በግራዬ ጋሽ መኮንን፣ በቀኜ ሐጂ ሰይድ ነበሩ። ሐጂ ሰይድ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ባንሆፍስፊርቴል፣ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም ለቅሶ ላይ ከእሳቸው ቀድሞ የደረሰ ሰው አላውቅም። ልነሳ ስል አዲስ ለቀስተኛ ይገባል፤ ሁላችንም እንነሳለን፣ «ያጽናችሁ» ይባላል፣ ሁላችንም እንቀመጣለን። ልነሳ ስል ምግብ ይቀርባል፤ የሐዘን ምግብ ደግሞ አይገፋም። ልነሳ ስል የሟቹ ታሪክ ይጀመራል፤ ሟቹ ረጅም ዕድሜ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሰዓቴን ለማየት እጅጌዬን ሰብሰብ ላደርግ ስል፣ ለቅሶ ቤት ሰዓት የሚያይ ሰው ምን እንደሚባል አስታወስኩና ተውኩት። ስወጣ እኩለ ቀን ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖት ነበር።

ጸሐፊዋ ፖስታውን በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው። ተጨማድዷል፣ ረጥቧል፣ አንድ ጥጉ ምስር ወጥ ነክቶታል። «ፍሪስቱ አልፏል» አለችኝ። ሰው ሞቶብኝ ነው አልኳት። ደነገጠች።

«አባትዎ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ወንድምዎ?»

«የአንድ በደንብ የማላውቀው ሰው አባት ነው።»

ከዚያ በኋላ ንግግራችን አልቀጠለም።

ራሄል የተመለሰችው ዓርብ ነው፤ እስከ ዓርብ ድረስም አልነገርኳትም። በስልክ ከምነግራት ፊት ለፊት ይሻላል ብዬ ነው እላለሁ እንጂ እውነቱ ፍርሃት ነው። ስነግራት ብትጮህብኝ እንዴት ደስ ባለኝ። «ምንም አይደል፣ ጋሼ» አለችና ክፍሏ ገባች። የሚቀጥለው እደላ ከስድስት ወር በኋላ ነው። የመመረቂያ ሥራዋን ማስረከቢያ ደግሞ ሦስት ወር አልቀረውም። የመኖሪያ ፈቃዷም፣ ፕሮፌሰሩ ቃል የገቡላት የዶክትሬት ቦታም በዚያች ሥራ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም አታዘኝም። ቀድሞ «ጋሼ ወተት ግዛልኝ፣ ጋሼ ቁልፌን ረስቻለሁ፣ ክፈትልኝ» የምትል ልጅ ወተቷን ራሷ ትገዛ ጀመር። ቁልፏን መርሳትም ተወች። እኔን የገደለኝ ይኼ ነው። ሰው ሲቆጣህ ገና አልተወህም፤ ማዘዝ ሲተው ግን ከቁጥር አውጥቶሃል።

እንግዲህ የእኛ አገር ሰው አጥፍቶ መላው ሲጠፋው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል። ሮጬ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ፤ ጋሽ መኮንንም እዚያ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልጅቷን ነው የምንለምነው?» አሉ ሐጂ።

«ፕሮፌሰሩን።»

«ፕሮፌሰሩ ምን በደሉ?»

«ምንም። የኮምፒውተር ሰዓት እንዲሰጡን ነው።»

ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ። «እንዲህ ያለ ሽምግልና ሄጄ አላውቅም። ግን ለቅሶው ላይ እኔም ከጎንህ ነበርኩ፤ እንጀራ ጨምር ብዬሃለሁ። እሄዳለሁ።»

ሽማግሌ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ሦስተኛ ሰው አጣን። ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ራሴ ገባሁ። «ጥፋተኛው ራሱ ሽማግሌ ሲሆን በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ ጋሽ መኮንን። እዚህ አገር አይታወቅብንም አልኳቸው። ለራሄልም አልነገርናትም፤ ሽምግልና ሲሳካ ነው የሚነገር።

ሐጂ ሰይድ ነጭ ጀለቢያቸውን ከነኮፍያቸው፣ ጋሽ መኮንን ከትራም ሲሸኙ የተሸለሙትን ክራባት፣ እኔ ያንኑ ሱፌን አድርጌ ኢንስቲትዩቱ ደረስን። ጸሐፊዋ እኔን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ ሌላ ሰው የሞተ ሳይመስላት አይቀርም። «ቴርሚን አላችሁ?» አለች፤ ቀጠሮ ማለቷ ነው።

«ሽማግሌ በቴርሚን አይመጣም» አሉ ጋሽ መኮንን በጀርመንኛ። ጀርመንኛቸው ትራም ላይ የተገኘ ስለሆነ ምንም ነገር ቢሉ «በሩ ሊዘጋ ነው» የሚሉ ይመስላል፤ ጸሐፊዋም ፈጥና ከመንገዱ ዞር አለች።

ፕሮፌሰሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላ ጫማ በካልሲ ያደረጉ ሰው ናቸው። «ተቀመጡ» አሉን። አልተቀመጥንም። ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል አይቀመጥም፤ ተቀምጦ የለመነ ነገሩን አቅልሎታል። ፕሮፌሰሩ ይኼን ከየት ይወቁት? ወንበሩ የቆረቆረን መሰላቸውና ከጎረቤት ክፍል ባለ ትራስ አመጡ። ቆምን። የራሳቸውን ባለ ጎማ ወንበር እየገፉ ለሐጂ አቀረቡ። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑና ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ ክፍሉ ውስጥ ሰባት ወንበርና አራት የቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ እንግዳ ቆሞ እሳቸውም መቀመጥ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ስልክ አንስተው ራሄልን ጠሩ።

በሩን ከፍታ ስታየን የሆነችውን አልረሳውም። ዓይኗ ከጋሽ መኮንን ክራባት ወደ ሐጂ ጀለቢያ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ተከደነ።

«ተርጉሚ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ መኮንን፤ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ። ወግ ያለው ነገር በጀርመንኛ አይወጣላቸውም። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» ብለው ጀመሩ። ከዚያ የሟቹን ደግነት፣ የለቅሶን ክብር፣ ራሄል ከየት ወገን እንደሆነች፣ ትራም በበረዶ ሲነዳ ያለውን ችግር አንስተው፣ በምርቃት ዘጉት። ራሄል ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረች።

«ሰላም ይላሉ» አለች።

«ሌላ ምንም አላሉም?»

ልጅቷ ተነፈሰች። «አጎቴ በእኔ ማመልከቻ መዘግየት አዝኗል። ሽማግሌዎች ይዞ የመጣው ይቅርታ ሊጠይቅና ሊለምን ነው። እሺ ካላሏቸው አይቀመጡም።»

ፕሮፌሰሩ ሰባቱን ወንበሮች አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ በጣም እንደሚያዝኑ፣ ሰዓቱን የሚያድለው ሌላ ከተማ ያለ ኮሚቴ እንደሆነ፣ ፍሪስት ፍሪስት እንደሆነ ተናገሩ። «ለአንዱ ከተከፈተ ለሌላው ምን ይባላል?»

«ትክክል ነው» አሉ ጋሽ መኮንን። «እኔም በሩ ከተዘጋ በኋላ ለሮጠ ሰው አንድ ቀን ከፍቼ አላውቅም።»

«ጋሽ መኮንን፣ ከማን ጋር ነው የመጡት?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ሐጂ ሰይድ ወደ ራሄል ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ እንዲህ በይልኝ። ሱቄ መጥቶ አሥር ሜትር ጨርቅ የሚፈልግ ሰው አለ፤ እኔ ጋ ያለው ሰባት ነው። ሂድ አልለውም። በሰባት ሜትር ምን ሊሰፋ እንደሚችል አብሬው አስባለሁ። እኚህ ሰውዬ ሰባት ሜትር የላቸውም ወይ?»

ይኼንን ግን ቃል በቃል ተረጎመችው። ፕሮፌሰሩ ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ ሁለቱ በፍጥነት ማውራት ጀመሩ፤ እሷ ወረቀት ስባ ሳጥን ሳለች፣ እሳቸው ሳጥኑን አሳነሱት፣ እሷ መልሳ ትንሽ አሰፋችው። ምድር ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሊጣሉ ነው። ቁራሿ ፀሐይ ከተቀነሰች በእነሱ ልትሠራ ትችላለች።

«ምን ያህል ትቀነሳለች?» አልኳት።

«ከሁለት ሦስት አፍሪካ ወደ አንድ አፍሪካ።»

«አፍሪካ ይበቃናል» አሉ ጋሽ መኮንን።

ነገር ግን የክፍሉ ማቀዝቀዣ ተበላሽቷል፤ ለሚጣል ዕቃ ደግሞ ማንም አይጠግንም። የክፍሉ ሙቀት ከሠላሳ ሁለት ዲግሪ ካለፈ ኮምፒውተሮቹ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ወቅቱ ሐምሌ ነው፤ ያን ዓመት ደግሞ ሙቀቱ ፍራንክፈርትን እንደ ጅቡቲ አድርጓታል። ሌሊት ምድር ቤቱ ራሱ ይቀዘቅዛል። ከቀትር እስከ ማታ ግን አንድ ሰው ተቀምጦ መስኮት መክፈት፣ መዝጋት፣ ማራገብ አለበት። ራሄል ደግሞ ጽሑፏን መጻፍ አለባት። ማን ይቀመጣል?

ለቅሶ ሦስት ቀን የሚቀመጡ ሰዎችን ነው የጠየቁት። ሐጂ ሰይድ ወደ ጋሽ መኮንን አዩ፤ ጋሽ መኮንን ወደ እኔ አዩ። ፕሮፌሰሩ «እሺ፣ እንሞክር» ሲሉ ሦስታችንም በአንዴ ተቀመጥን። ባለ ጎማው ወንበር ለእኔ ደርሶኝ ትንሽ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ጋሽ መኮንን በማግስቱ የተራ ሰሌዳ አወጡ። ሰሌዳው በደቂቃ ነው፤ ሐጂ ስድስት ከዜሮ ሁለት ላይ ገብተው ስምንት ከአርባ ሰባት ላይ ይወጣሉ ይላል። ሁለት ደቂቃ ከዘገየህ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያሳዩሃል። ሐጂ ሱቁን ለሚስታቸው ትተው ይመጣሉ፤ የዙህር፣ የቀትሩ ሰላት መድረሱን ለማወቅ ደረጃውን ወጥተው ውጭ ጥላቸውን አይተው ይመለሳሉ። «ፀሐይዋ እዚሁ አጠገብዎ እያለች?» ብላቸው «ይቺ ገና ለሙከራ የተቀጠረች ናት» አሉኝ። እኔ የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሼ ከሰዓት በኋላ እረከባለሁ። አንድ ስክሪን ላይ የቁራሿ ፀሐይ ሥዕል አለ፤ በየጥቂት ሰዓቱ ይታደሳል። ብርሃናማ አረፋዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ በመሐላቸው ጠቆር ያሉ ስንጥቆች አሉ። ቀኑን ሙሉ አፍጥጠህበት ምንም አይለወጥም፤ ቀና ስትል ተለውጧል።

ወሬው በከተማው ባሉት የአገራችን ሰዎች ማኅበር ተዳረሰ። «ራሄል ለፀሐይዋ አየር አጥሯታል» ተብሎ ሰው ከየቤቱ ቬንቲላቶር፣ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ ይዞ ይመጣ ጀመር። ለቅሶ የደረስኩለት አስፋው ሳይቀር አንድ የቆመ፣ አንድ የጠረጴዛ አመጣ። እምቢ ማለት ነውር ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ አሥር ቬንቲላቶሮች ተሰልፈው ይነፍሱ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ወረቀት መያዝ አይቻልም። አሥራ አንደኛውን የሰካሁት እኔ ነኝ።

ጧ አለ። ሁሉም ነገር ጠፋ፤ ቬንቲላቶሮቹም፣ መብራቱም፣ ፀሐይዋም።

በጨለማው ውስጥ ቆሜ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት መሸሽን ነው። ቀጥሎ፣ መብራት ኃይል ላይ ማሳበብ ነበር፤ ግን ያለሁት ጀርመን ነው፣ ማን ያምነኛል? ከዚያ ያቺ «ምንም አይደል፣ ጋሼ» ያለችው ድምፅ ታወሰኝ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ።

«ራሄል፣ አጠፋሁት። በቬንቲላቶር ብዛት ነው። የሰካሁት እኔ ነኝ።»

«መቼ ነው?» አለች።

«አሁን። ሁለት ደቂቃ አልሆነውም።»

«መጣሁ» አለች።

መጣች። ሐውስማይስተሩን፣ የሕንፃውን ተቆጣጣሪ ማለቴ ነው፣ አስነስታ ፊውዙን አስመለሰች። ሰውየው አሥራ አንዱን ቬንቲላቶር ሲያይ ስለ እሳት አደጋ ሕግ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ተራቸውን አስረክበው ገና ያልሄዱት ጋሽ መኮንን ግማሹን በቃላቸው ስለሚያውቁት አብረውት አሉለት። ሦስት ብቻ አስቀርቶ ሄደ። ራሄል ስሌቱን መጨረሻ ከተቀመጠበት አስነሳችው። አንድ ቀን ተኩል ወደ ኋላ ተመለስን።

«ብዙ ነው?» አልኳት።

«ነው። ግን ቶሎ ነገርከኝ፤ ያም ደግ ነው» አለች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ ጨመረች፤ «ጋሼ፣ ነገ ስትመጣ ውሃ ይዘህልኝ ና።» ውሃ አዘዘችኝ። በማግስቱ ስድስት ጠርሙስ ተሸክሜ ደረስኩ።

የመጨረሻው ሳምንት ሐሙስ፣ እንዲህ ያለ ሙቀት በጀርመን ኖሬ አላየሁም። አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። የጋሽ መኮንንን ተራ ተረክቤ ስገባ መለኪያው ሠላሳ ነበር። ጋሽ መኮንን ተራቸው አልቆም አልሄዱም። ሠላሳ ተኩል። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዞራ በመስኮቱ በኩል ቀጥ ብላ ገባች። ሠላሳ አንድ። እውነተኛዋ ፀሐይ መጥታ የእኛን ፀሐይ ልታጠፋብን ነው፤ ለማን አቤት ይባላል? ስሌቱ እንደገና ቢቆም የማስረከቢያው ቀን እንደማይጠብቀን ሦስታችንም እናውቃለን። ለሐጂ ደወልኩ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አሉ ሐጂ። በታክሲ መጡ፤ በትከሻቸው ላይ አንድ ጥቅል ነጭ አቡጀዴ ተሸክመዋል። በውጭ በኩል፣ ሣሩ ላይ ተንበርክከን መስኮቱን ከላይ እስከ ታች ጋረድነው። ጋሽ መኮንን በባልዲ ውሃ እየቀዱ አቡጀዴውን ያርሳሉ፤ እኔ ጫፉን እይዛለሁ፤ ሐጂ ሰይድ የትኛው ወገን ወደ ውጭ መሆን እንዳለበት ያዝዛሉ። የሚያልፉ ተማሪዎች ቆመው አዩን። ሦስት የጎለመሱ ሰዎች መስኮት ገንዘው ውሃ ሲያጠጡ ያየ ሰው ምን እንዳለ አላውቅም፤ ያን ሰዓት ስለ ሰው አፍ ግድ አልነበረኝም።

ገብተን መለኪያውን አየን። ሠላሳ አንድ ተኩል። ቆመን ጠበቅን። ሠላሳ አንድ ተኩል። ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣ ሠላሳ አንድ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ጋሽ መኮንን አማተቡ።

ያን ጊዜ ነው ስክሪኑን ያየሁት። በእርጥቡ ጨርቅ ስንሯሯጥ ሥዕሉ ታድሷል። በአረፋዎቹ መሐል፣ ወደ ግራ ጥግ፣ ጥቁር ነገር ተቀምጧል። ስንጥቅ አይደለም፤ ክብ ነው፣ ጠርዙ ትንሽ የተቀደደ ክብ።

«ጭቃ ተረጭቶበት ነው» አሉ ጋሽ መኮንን፤ መሐረባቸውን አውጥተው ስክሪኑን ወለወሉት። አልለቀቀም። ደግመው ወለወሉት።

«ይተዉት» አልኳቸው። ለራሄል ደወልኩና «ነይ» ብቻ አልኳት። ሌላ ነገር ያበላሸሁ መስሏት ሮጣ ነው የመጣችው፤ በር ላይ ትንፋሿ ተቆራርጧል። ወደ ስክሪኑ በጣቴ አሳየኋት።

ቆማ አየችው። ጎንበስ ብላ አየችው። ቁጥሮች አስመጣች፤ ቁጥሮቹ ወረዱ። «ነው» አለች ቀስ ብላ። «በራሱ ተሰብስቦ ነው።» ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ሐጂ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጋሽ መኮንን መሐረባቸውን አቀበሏት፤ ስክሪን የወለወሉበት ነው፣ ግን ማንም አላስተዋለም።

«አላለቀም» አለች ፊቷን ጠርጋ። «ነጥቡ የሚቆይ መሆኑን ለማየት እስከ ማታ መሄድ አለበት። አሁን ከቆመ ማንም አያምነኝም።» ስታወራ ዓይኖቿ ይከደናሉ። ስትጽፍ የሰነበተች ልጅ ናት። ሽማግሌዎቹን ወደ ቤት ሸኘቻቸው፤ ሐጂ አቡጀዴውን ለፀሐይ ትተው ሄዱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ልተኛ። አንተ ጠብቅልኝ።»

ጥጉ ላይ ካሉት ሁለት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ሌላው ላይ ዘርግታ፣ ወዲያው ተኛች። ስልኳን ለማንቂያ አልሞላችም። አንዴም ቀና ብላ መለኪያውን አላየችም።

በየሩብ ሰዓቱ እየወጣሁ አቡጀዴውን አርሳለሁ፤ በእግሬ ጣት እየተራመድኩ እመለሳለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሩ ገቡ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ፤ እሳቸውም ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ተጠጉ። ነጥቡን አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ፤ «ስትነቃ ንገሯት። ዛሬ ማታ ነጥቡ ቢጠፋም ባይጠፋም ሥራዋ ሥራ ነው። የዶክትሬት ውሏን ሰኞ እንፈርማለን።» እጄን ጨብጠውኝ ወጡ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እንዲህ ያለ ወሬ ደረቴ ውስጥ ይዤ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ማለት ነበረብኝ። ልቀሰቅሳት ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፤ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ብላ ነው የተኛችው፤ ሁለት ሰዓት ትተኛለች። ለእህቴ ልደውል አልኩ፤ ከራሄል በፊት ወሬውን ማንም አይሰማም ብዬ ተውኩት። መለኪያውን አየሁ፣ ነጥቡን አየሁ፣ ልጅቷን አየሁ። ሦስቱም እንዳሉ ናቸው።

ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስንት ነው?» ብላ ነው።

«ሠላሳ አንድ» አልኳት። «ነጥቡም አለ። አሁን ውሃ ጠጪና ወደዚህ ዙሪ፤ የተላክሁት መልእክት አለኝ።»